በእህል በረንዳ ሁለት ዕድሜ ነበረኝ

ጠዋት ጠዋት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት። ይህን የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ ዲሬክተርና እናቴ ናቸው። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ከጎጃም አምጥቶን፣ መሳለሚያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶልን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እናቴ ቤት ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ታናሽ ወንድሜ ገና ድክ ድክ ይላል። እናቴ የደህና ቤት ልጅ ነበረችና ሰው መጋዘን ገብቶ በቀን ሥራ ማደርን እንደ ውርደት ትቆጥረዋለች። ልጅ ቢሠራ መታዘዝ ነው፤ እናት ብትሠራ ግን ወሬው አገር ቤት ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ገባሁ።

የገባሁበት መጋዘን እህል በረንዳ ነበር። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ብቻ ይላቸዋል። ሃያ ያህል ሴቶች ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠን ምስርና ስንዴ እንለቅማለን። ጠጠሩ ወደ ግራ፣ እንክርዳዱ ወደ ቀኝ፣ ንጹሑ እንደገና ወደ ጆንያው። ቀትር ላይ ሚዛኑ ሲዘጋ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ፀጉሬን አራግፌ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

ትምህርት ቤቱንም ያቆሙት ሐጂና የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ ምንም የሌለው ጉልበቱን አዋጥቶ አራት ክፍል ተሠራ። ሐጂ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበሩ። የከሰዓቱ ትምህርት የተጀመረው በየመጋዘኑ ለምንሠራ ልጆች ሲባል ነው። ደወሉ የሚደወለው የበረንዳው ሚዛን ሲዘጋ ነበር፤ ሚዛኑ ከዘገየ ደወሉም ይዘገያል። ይህን ማንም እንደ ጉድለት አላየውም። "ልጁም የኛ፣ ቤቱም የኛ፣ ሰዓቱም የኛ" ይሉ ነበር ሐጂ።

አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ትምህርትን ከሚመራው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት የበለጠው ልጅ አራተኛ ክፍል በቀን እንዳይማር፣ ከፈለገ የማታ ትምህርት ይግባ ይላል። ደንቡ ክፉ አልነበረም። ጢም ያወጣ ወንድ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ሲቀመጥ እኔም አይቻለሁ። ግን በመርካቶ ጨለማ ሴት ልጁን የማታ ትምህርት የሚልክ ወላጅ አልነበረም። የእኔም እናት አትልክም። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት በለጥኩ ማለት ትምህርቴ አበቃ ማለት ነው።

የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በሰፈራችን አልነበረም። ዕድሜ የሚታወቀው በሽማግሌ ምስክር ነው። ለምስክርነት የሚጠሩት ደግሞ ሁልጊዜ ሦስቱ ናቸው፦ የዕድሩ ዳኛ፣ አንድ ገመድ ነጋዴ፣ እና ተክለ ሃይማኖት ያገለግሉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ። ዲሬክተሩ ወረቀት የሚያከብሩ፣ የመዝገብ ሣጥኑን ቁልፍ ባንገታቸው አንጠልጥለው የሚውሉ ሰው ነበሩ። መዝገቡን ገልጠው እኔን ከፊት አቆሙኝ።

"ስንት ይሁንላት?" አሉ የዕድሩ ዳኛ።

"ስንት ናት ነው እንጂ አባቴ፣ ስንት ይሁንላት አይባልም።"

"እሺ፣ ስንት ከሆነች ትማራለች?"

"ከአሥራ ሁለት ካልበለጠች።"

"እንግዲያው አልበለጠችም። ጻፍ ልጄ።"

ሌሎቹ ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲሬክተሩ ብዕራቸውን ነክረው ጻፉ። ሐጂ እንደ ሊቀ መንበርነታቸው ከሥር ፈረሙ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ ደግሞ የሠራተኛ ጉዳይ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ወደ መጋዘኑ መጣ። ከረባት አስሯል፤ ቦርሳውን አቧራ እንዳይነካው ብብቱ ሥር ይዟል። በመካከላችን እየተዘዋወረ ይቆጥረን ጀመር።

"ሚስት ፍለጋ ነው እንዴ?" አለች አንዷ።

"ቢሆንማ አጎንብሶ ያየን ነበር! ይኼ እኮ እንደ ጆንያ ነው የሚቆጥረን።"

ተቆጣጣሪው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ መቁጠሩን ግን አላቆመም። ሲጨርስ ለሐጂ ነገራቸው። ከአሥራ አራት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዚህ አቧራ ውስጥ መሥራት አይችልም። የሁሉም ስምና ዕድሜ በምስክር ተጽፎ በሳምንቱ ይቅረብ አለ። ይህም ደንብ ክፉ አልነበረም። የራሴም ደረት ያን ክረምት ሙሉ ሲያፏጭ ነው የከረመው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ተራዬ ሲደርስ ሐጂ "ይቺስ?" አሉ።

"ይቺማ እናቷን ታህላለች" አሉ ገመድ ነጋዴው። "አሥራ አምስት በሏት።"

ሦስቱም ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር የሚጋጭ ነገር እንደፈረሙ ያስታወሰ አልነበረም፤ ወይም አስታውሶ የተጨነቀ አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ዕድሜዬን እንዳይጠይቀኝ እፈራ ጀመር። ቀትር ላይ ከበረንዳው ወጥቼ ትምህርት ቤት እስክደርስ ባለው መንገድ ላይ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። የሚከተለኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ያወጡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው፤ ያወጡትም በኩራት ነው። ተቆጣጣሪው ዝርዝሩን ሊወስድ በመጣ ዕለት ሚዛኑ ተዘጋና ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ።

"ይቺ ወዴት ናት?" አለ።

"ትምህርት ቤት ነዋ!" አሉ ሐጂ። "እዚህ ሠርታ እዚያ ትማራለች። እኛ ነን ያቆምነው፤ መንግሥት አንድ ሚስማር አላቀበለንም። ና፣ ዓይንህ ይመልከት!"

ክንዱን ይዘው ወሰዱት። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ሐጂ ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሰንደቅ ዓላማውን አንድ በአንድ አሳዩት። በመጨረሻ ለዲሬክተሩ "መዝገቡንም አውጣለት፤ ስንት ልጅ እንደምናስተምር ይቁጠር" አሉ።

ዲሬክተሩ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሐጂን አዩ። "ቁልፉ ዛሬ የለም" አሉ።

"ኧረ ባንገትህ ያለው ምንድን ነው ታዲያ? ማተብ ነው?"

መዝገቡ ወጣ። ተቆጣጣሪው የኮሚቴውን ፊርማ አይቶ ቅጠሉን ገለበጠ። አራተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቦርሳው ዝርዝሩን አውጥቶ ጎን ለጎን አኖራቸው።

"ሐጂ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይቺ ልጅ እርስዎ መጋዘን ውስጥ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እርስዎ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።"

ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ሰው ላኩ።

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው መጡ። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ጽሑፍ አነበበላቸው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ጥቂት ፈራ ተባ አሉ፤ የዕድሩ ዳኛ ግን አልደነገጡም።

"እኛ የመሰከርነው ለልጅቱ ነው እንጂ ለዓመቱ አይደለም" አሉ።

"አባቴ፣ የተጠየቁት እኮ ዓመቱን ነው።"

"አንተን የሚጠይቅህ ዓመቱ ነው። እኛን የምትጠይቀን ልጅቱ ናት። የሟች ልጅ ናት፤ ትብላ፣ ትማር። በየትኛው በሐሰት መሰከራችሁ ነው የምትለን?"

ተቆጣጣሪው ላቡን ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢፈልግ ያኔውኑ ሁሉንም መክሰስ ይችል ነበር። ግን አንዱ ወረቀት መሰረዝ አለበት፣ የትኛው እንደሆነ እኔ ከቢሮዬ ሆኜ አልወስንም አለ። ነገ ከእናትዋ ጋር ትምጣና እውነተኛውን ዕድሜዋን ትናገር ብሎ ሄደ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት እንዝርቱን አልጣለችም። እየፈተለች ሰማችኝ።

"እውነቱ ስንት ነው?" አልኳት።

መቁጠር ጀመረች። የተወለድኩት አባቴ ቀዩን በሬ በገዛበት ዓመት ነው፣ ሐምሌ ውስጥ። ከዚያ ጎጃም ያሳለፍናቸውን ክረምቶች፣ ከዚያ እዚህ ያሳለፍናቸውን። ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።

"አሥራ ሦስት" አለች።

ነገሩ ለሁለታችንም ገባን። አሥራ ሦስት ለትምህርት ቤቱ ትልቅ ነው፤ ለመጋዘኑ ትንሽ ነው። እውነቱን ብናገር ሁለቱም ይዘጋብኛል። ደንቦቹን ያወጡት ሰዎች ለእኔ አስበው ነው ያወጡት፤ ግን እነዚያ ሰዎች እርስ በርስ ተነጋግረው የሚያውቁ አይመስለኝም።

"ምን ልበል?" አልኳት።

"ሰው ሲወለድ አያውቅም" አለች። "ያላወቁትን መናገር ደግሞ ውሸት አይባልም።"

"አሁን እኮ ነገርሽኝ።"

"መች ነገርኩሽ? ቆጠርኩ እንጂ።"

የመጋዘኑ ሥራ ከቀረ ምን እንደምንበላ አልጠየቅኳትም። እሷም ትምህርቱ ከቀረ ምን እንደምሆን አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ሁሉም ትምህርት ቤቱ ተሰብስበው ጠበቁን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ አጠገብ ቆመች። ተቆጣጣሪው "እትዬ፣ እርስዎ ይናገሩ" አላት።

"እሷ ትናገር" አለች። "የምትማረውም የምትሠራውም እሷ ናት።"

"ልጅ ስለ ዕድሜዋ ምን ታውቃለች?" አሉ ገመድ ነጋዴው።

"እናንተስ ምን አወቃችሁ?" አለቻቸው እናቴ። በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። ዲሬክተሩ ሳል መጣባቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ መሬት መሬት ያያሉ።

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬም ያን ጊዜ ድረስ አልወሰንኩም ነበር። አፌን ስከፍት እንኳ የትኛው እንደሚወጣ አላወቅኩም።

"አሥራ ሁለት" አልኩ።

ለምን እሱን እንደመረጥኩ ብጠየቅ ዛሬም ደህና መልስ የለኝም። ትምህርት ወድጄ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ምናልባት አቧራው ሰልችቶኝ ብቻ ይሆናል። ተቆጣጣሪው እንዳላመነኝ አውቃለሁ። ከመጋዘኑ ዝርዝር ላይ ስሜን በማስመሪያ ሰረዘው።

እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። ግን የሽማግሌዎቹ ምስክር አንዴ ከተነካ በኋላ የሌሎቹንም ዕድሜ እንደገና መረመረ። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሦስት ልጃገረዶች ከመጋዘኑ ወጡ። አንዷ መንገድ ላይ አግኝታኝ "አንቺስ ደብተርሽን ይዘሽ ገባሽ፤ እኛ ምን ይዘን እንግባ?" አለችኝ። መንገዴን ቀጠልኩ። ኮሚቴው የልጆቹን ዕድሜና የትምህርቱን ሰዓት እኛው እንወስን፣ ሰፈራችንን የምናውቅ እኛ ነን ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው የሚል መልስ መጣ። ሐጂ መልሱን ራሳቸው ለኮሚቴው አነበቡ። እንደ ወትሮው "ልጁም የኛ" አላሉም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ስነሣ እናቴ ወንድሜን አልብሳ፣ መቀነቷን አጥብቃ ቆማለች። እንዝርቱ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"እህል በረንዳ። ሐጂ እሺ ብለውኛል።"

እኔ እቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ አስቀመጧት። ወንድሜ ጆንያ ላይ ይጫወታል። ጎረቤት የሆኑ የአገራችን ሰዎች ወሬውን እንዳሰብነው ፈጥነው አደረሱት፤ ከጎጃም አጎቴ ተቆጥቶ መልእክት ላከ። እናቴ ለመልእክተኛው ምሳ አቀረበችለትና ሸኘችው።

ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ ሁለተኛ ደረጃም ጨረስኩ። ግን ያን ዓመት በበረንዳው በር ማለፍ ተውኩ። ቀትር ላይ ሚዛኑ ሲዘጋ ሴቶቹ አቧራቸውን ሳያራግፉ ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው የትኛዋ እናቴ እንደሆነች ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። እኔ በተክለ ሃይማኖት በኩል ዞሬ፣ እያለከለክሁ፣ ብዙ ቀን ደወሉ ካበቃ በኋላ እደርስ ነበር። ዲሬክተሩ ሁለት ጊዜ ቀጡኝ።

አንድ ቀን እናቴ እግሯን እየታጠበች "በእኛ በር አታልፊም እንዴ?" አለችኝ።

"በዚያ ሩቅ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። መንገዱን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

"አዎ፣ ሩቅ ነው" አለችና ሌላኛውን እግሯን ማጠብ ጀመረች።