የሸጎሌው ተርጓሚና የተረገመው ጌም

ዳኜ በሚተረጉመው ፊልም ውስጥ ሴቲቱ ሁልጊዜ ሠርካዲስ ትባላለች። ቻይናዊት ትሁን፣ ሕንድ ትሁን፣ ጠመንጃ ትያዝ ወይም ሕፃን ትታቀፍ፣ ዳኜ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ይቺ ደግሞ ሠርካዲስ ናት» ካለ አለቀ። በቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ የተደረደረ ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አይቀበልም። ሠርካዲስ የሚስቱ ስም ነው።

ሥራው ይኸው ነው። ሸጎሌ ከከብት ገበያው ዝቅ ብሎ ባለው በጋሽ ቶለሳ ቪዲዮ ቤት የፊልሙን ድምፅ ቀነስ ያደርግና የሁሉንም ንግግር ብቻውን ይናገራል። ሽማግሌ ሲሆን ያስላል፣ ሴት ሲሆን ይቅለሰለሳል፣ ፖሊስ ሲሆን ይደነፋል። እንግሊዝኛው ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል፤ የሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ይሻላል። በሬያቸውን ሸጠው የሚገቡት ነጋዴዎችም ሆኑ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች የሚመጡት ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ነው። ስሞቹን የሚያወጣው ከሰፈር ነው። ሌባውን በመካኒኩ በአሽረፍ ስም ከጠራው፣ አሽረፍ ሳምንቱን ሙሉ «ባንኩን እንዴት ሰበርከው?» እየተባለ ይከርማል። ስሙ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይከፋዋል።

አንድ ሌላ አመልም አለው። ፊልሙን ቀድሞ አያይም። «ማን እንደሚሞት ካወቅሁ ድምፄ ያሳብቅብኛል» ይላል። ከተመልካቹ እኩል ይደነግጣል፣ እኩል ይስቃል፤ በዚህም ይኮራል። ኩራቱ ምን እንዳመጣበት አሁን እንደርስበታለን።

ድምፁን ያገኘው ከታክሲ በር ላይ ነው። እዚያው ጉለሌ ተወልዶ፣ አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ ረዳት ሆነ፤ «ሸጎሌ! ሸጎሌ! የሞላ!» ሲል ውሎ ሲል አድሮ ጉሮሮው ተገራ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ቶለሳን ተርጓሚ ጉንፋን ድምፁን ዘጋው። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ከኋላ ተቀምጦ የነበረው ዳኜ ማይኩን ተቀብሎ ቀጠለ። ሰውየው ጉንፋኑ ሲለቀው ተመልሶ መጣ፤ የሚመለስበት ወንበር ግን አልጠበቀውም። ዳኜ ይህን ሲያወራ ይስቃል። የሰው ወንበር መያዝ ያስቃል፤ የራስህን እስኪይዙብህ ድረስ።

ሠርካዲስንም ያገኛት እዚያው ነው። ሽሮ ሜዳ ጥልፍ ቤት ትሠራ ነበር፤ አንድ እሁድ ከእህቷ ጋር መጣች። እህቷ ስሟን ስትጠራ ሰማና፣ ከሚቃጠል ፎቅ ላይ የምትዘለውን ፈረንጅ «ሠርካዲስ» አላት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ በሚቀጥለው እሁድ ግን ያለ እህቷ መጣች። «እኔ ሚስቴን በማይክ ነው የጠየቅኳት» ይላል ዳኜ። እውነቱን ነው፤ ሽማግሌ የተላከው ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው።

ታዲያ በመሀል ኖህ የሚባል መጣ።

ኖህ የእንጦጦ መንገድ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አልሞላውም። ቤቱ ቁጭ ብሎ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረከ በቴሌግራም ይለቃል። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፣ አይቸኩልም፣ ከሥር ለስለስ ያለ ሙዚቃ ያደርግበታል። አይጮህም፣ አያስልም። ፊልሙን ደጋግሞ አይቶ፣ አጥንቶ ነው የሚተርከው። ጉለሌ ውስጥ እሱን የማይሰማ ወጣት የለም፤ ዳኜም ወጣቱ ሁሉ ቢሰማው ግድ ባልሰጠው ነበር። ነገር የመጣው ሠርካዲስ መስማት የጀመረች ቀን ነው።

እቤት ከሥራ የተረፈውን ጥልፍ ይዛ ትቀመጣለች፤ ኢርፎኑን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፤ ከዚያ ዳኜ ቢገባ፣ ቢወጣ፣ ጣራው ቢወድቅ አትሰማም። ብቻዋን ትስቃለች። አንዳንዴ መርፌዋን አቁማ ትተክዛለች።

«ምን ያስቅሻል?» ይላታል።

«ኖህ ነዋ።»

ይህቺ «ኖህ ነዋ» የምትለው ነገር አንጀቱን ትበጥሰው ነበር። እሱ ራሱ ሲተረጉም ለመስማት ቪዲዮ ቤት ከመጣች ስንት ጊዜዋ። መጀመሪያ «ሥራ በዛብኝ» አለች፣ ቀጥሎ «ወገቤን አመመኝ» አለች፣ በኋላ ምክንያትም መስጠት ተወች። ለሁሉም ጆሮ ነፍጋ ቢሆን ባልከፋው፤ ለዚያኛው ግን ጆሮ አላት። ዳኜ ተደብቆ ኖህን ያዳምጥ ጀመር፤ እንከን ፍለጋ ነው። እንከን ሲያጣ የበለጠ ተቃጠለ። ሚስቱ ከሰው ጋር ብትሄድ እንኳ ይዞ የሚጣላው ሰው ይኖራል። ድምፅን በየት በኩል ይዞ ይጣላል? ቀናተኛ መሆኑን አልካደም፤ ለራሱ «ቀንቻለሁ» ብሎታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ጆሮዋ እንዲመለስለት።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሲገባ ዓይኗ ቀልቶ አገኛት።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«አይ፣ ፊልም ነው። ኖህ የለቀቀው። የተረገመ ጌም የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ጌሙ ውስጥ የሞተ በእውነትም ይሞታል።»

«በልጆች ጌም ታለቅሻለሽ?»

«መጨረሻውን ብታየው እኮ፣ አንዱ ልጅ…»

«እንዳትነግሪኝ» አለ ዳኜ እጁን ዘርግቶ። «ነገ ያንኑ ፊልም እተረጉመዋለሁ። ነይና ልዩነቱን ስሚው።»

ሠርካዲስ ትንሽ አየችው። «እመጣለሁ። ግን ይሄን አንዱን እንኳ ቀድመህ እየው፣ ዳኜ።»

እሱ ይህን ንቀት አድርጎ ወሰደው። «ጭራሽ እንደሱ አጥናና ና ልትለኝ ነው?» አለና ምሳውን ትቶ ወጣ። ሽሮው ላይ ኮረፈ ማለት ነው፤ ሽሮው ምን እንዳደረገው እግዜር ይወቅ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቪዲዮ ቤቱ ጢም አለ። ሠርካዲስ መጥታ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዳኜ ባያት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም።

ፊልሙ ጀመረ። አምስት ተማሪዎች ባለቤቱ በሞተ አሮጌ ቤት ውስጥ ጌሙን ያገኙታል። ሲከፍቱት የአምስቱም ስም ቀድሞ ተጽፎበታል፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ጌሙ ውስጥ ጨለማ ግቢ፣ ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ሳይጫወት መውጣት አይችልም። ዳኜ ስም ማደል ጀመረ። ዋናዋ ልጅ ሠርካዲስ። ሁለቱን ዳር ዳር ያሉትን ኢምራንና ሰምሀል አላቸው። አራተኛው ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፣ ሰው ሲያወራ የሚያቋርጥ ጉረኛ ነበር፤ እንደዚህ ያለው በአስፈሪ ፊልም መጀመሪያ እንደሚሞት ዳኜ ከልምዱ ያውቃል።

«ይሄ» አለ፣ «ኖህ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኖህን የማያውቅ አልነበረማ።

አምስተኛው መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ የሠርካዲስን ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላዋ ይሄዳል። ዳኜ በሕይወቱ ለማንም የፊልም ሰው የራሱን ስም ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ሚስቱ ተቀምጣለች። «ይሄ ደግሞ ዳኜ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ተጨበጨበለት። ሠርካዲስ አላጨበጨበችም። ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ከዚያ የኖህን ሞት መጠበቅ ሆነ። «ኖህ በሩን ሊከፍት ነው፤ በቃ ይቺን ታህል ነበር ዕድሜው» አለ። ኖህ ከፍቶ ገባና ደህና ወጣ። ኢምራን ጌሙ ውስጥ ሞተና በእውነትም ከፎቅ ወደቀ። ሰምሀል ገላዋን ስትታጠብ ሰጠመች። ኖህ ከእሳት ወጣ፣ ከመኪና ሥር ወጣ፣ ጭረት እንኳ የለበትም። የዳኜ ድምፅ እየደረቀ ሄደ። ጭራሽ ኖህ መስታወት በክርኑ ሰብሮ ሠርካዲስን አወጣትና አቀፋት።

«ልቀቀኝ፣ ሰው ያየናል» አለች ሠርካዲስ በዳኜ አፍ።

ስክሪኑ ላይ ግን ይበልጥ ተጠመጠመችበት። ሾፌሮቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ቀጥሎ ፊልሙ ወደ ኋላ ተመለሰና ስሞቹን ማን እንደጻፈ አሳየ። መነጽር ያደረገው ልጅ ብቻውን ጌሙ ፊት ተቀምጧል። ልጅቷ ከሌሎቹ ጋር ስትስቅ ቆሞ ያየበት ጊዜ አንድ በአንድ ይመጣለታል፤ ከዚያ ሁሉንም ይጽፋቸዋል። መጨረሻ ላይ የሷንም ጻፈ። ዳኜ ክው አለ።

«እ… ማለቴ፣ ዳኜ ስሞቹን እያጠፋቸው ነው። ሊያድናቸው ነው።»

«ኧረ እየጻፈ ነው እኮ» አለ አንዱ ከፊት።

ጋሽ ቶለሳ ከበሩ ሆነው «ዳኜ፣ ነፍሰ ገዳይ ነህ ለካ» አሉ። ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ዳኜ ግንባሩን በእጁ ጠረገ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሳቁ ሲበርድ ኖህ በሠርካዲስ ፈንታ ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ አልወጣም። አንድ የከብት ነጋዴ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። በዚያ ቤት ውስጥ በሞተ ሰው የሚቀና ዳኜ ብቻ ነበር።

ልጅቷ ባለመነጽሩን ፊት ለፊት ቆማ አንድ አጭር ነገር አለችው። ቀላል እንግሊዝኛ ነበር፤ ዳኜ ገብቶታል። አፉ ግን አልላቀቅ አለ። ማይኩ ብቻ ይጮሃል።

«ተርጉም እንጂ» አሉት።

ያኔ ከኋላ አግዳሚ የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ሠርካዲስ ነበረች።

«‹ስሜን ስጥ ማን አለህ?› ነው ያለችው።»

ማንም አልሳቀም። ዳኜ የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ የቀረው በእንግሊዝኛ አለቀ።

ወደ ቤት ዳገቱን አብረው ወጡ። እንጦጦ ላይ ደመና ተጭኗል፤ ሁለቱም ጃንጥላ አልያዙም፤ ግን አልቸኮሉም።

«አውቀሽ ነበር» አላት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪኝ አልክ።»

ትንሽ እንደሄዱ ሲያብሰለስለው የከረመውን አወጣው። «ድምፁ ነው? ከኔ የሚበልጥብሽ ድምፁ ነው?»

«ድምፁማ ያንተ ይሻላል።»

ዳኜ ቆመ። ይህን መስማት ነበር የሚፈልገው፤ ሲሰማው ግን ደስ አላለውም።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ያንተ ፊልም ውስጥ የሚያባርሩት እኔን ነው፣ የሚያንቁት እኔን ነው፣ የሚስሙት እኔን ነው። ጥልፍ ቤት ስገባ ‹ትናንት ታነቅሽ አሉ› ይሉኛል። እናቴን የቀበርኩ ሰሞን እንኳ ባቡር አስገጭተኸኝ ሰው መንገድ ላይ ሳቀብኝ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁን ግን ደከመኝ። የኖህ ፊልም ውስጥ ሠርካዲስ የምትባል ሴት የለችም። ትንሽ ሰዓት እኔ የለሁም፤ በቃ፣ ያሳርፈኛል።»

«ስለምወድሽ እኮ ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። ባለመነጽሩ ልጅ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ ያላት ይህንኑ እንደነበር ትዝ አለውና ዋጠው።

በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ፊልም ነበር። ሴቲቱ ከባሕር ዳር እየሮጠች ብቅ ስትል አግዳሚው ሁሉ ተቀበላት፤ «መጣች ሠርካዲስ» አሉ።

«ሠርካዲስ አይደለችም» አለ ዳኜ።

«ማን ናት ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ስሟን ራሷ እስክትናገር እንጠብቅ።»

ማጉረምረም ተነሳ። ጋቢ የለበሰው ነጋዴ ተቆጣ፤ በሬውን ሸጦ የመጣው ለሠርካዲስ ነው። «የኛይቱስ የት ሄደች?»

«ቤቷ ናት። ፊልም እያየች ነው።»

«የማንን?»

ዳኜ መልሱን ያውቀዋል፤ ሲወጣ ኢርፎኗን ስትሰካ አይቷታል። ያ እሳት ደረቱ ውስጥ አልበረደም፤ እንዲያውም ያን ቀን ባሰበት። ማይኩን ግን ከአፉ አላራቀውም።

«የኖህን» አለ።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት አፏን ከፈተች፤ እሱም ያለችውን ተረጎመ።