ዓርብ የሚያርፉት አህዮች

ገና ልጅ ሳለሁ የክረምት ምሽቶቼን የማሳልፈው በስደት ባደግሁበት ከተማ፣ ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር በነበረው ፎቅ ከእኛ በታች ይኖሩ በነበሩት በጋሼ ሰይድ ቤት ነበር። ያኔ የማሞቂያቸው ሽቦ እንደ ፍም ቀልቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ እኛ የጎረቤት ልጆች ዙሪያውን ስንኮለኮል ጋሼ «ተረት ተረት» ይሉናል፤ «የላም በረት» እንላለን። በአማርኛ አስተካክለን የምንመልሳት እሷን ብቻ ነበር።

ከዚያ ከምንኖርበት አገር በጣም ስለራቀች፣ ብላክፑል ስለምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ያወሩልናል። በወጣትነታቸው በመርከብ ሄደው እዚያ ሆቴል ውስጥ ሰሐን አጥበዋል። ድሮ ሀብታሞች የባሕሩን ውኃ ለመድኃኒት ይጠጡት እንደነበር፣ ሴቶች ሰው እንዳያያቸው ጎማ ባለው ጎጆ ተቀምጠው ፈረስ እስከ ባሕሩ ይጎትታቸው እንደነበር፣ ኋላ ባቡር ሲገባ የፋብሪካ ሠራተኛ ከነቤተሰቡ ይጎርፍ እንደነበር ይነግሩናል። ባሕር ውስጥ ገብቶ የትም የማይደርስ ድልድይ አለ። አሸዋው ላይ ልጆች የሚያንሸራሽሩ አህዮች አሉ፤ አህዮቹም ዓርብ ዓርብ በሕግ ያርፋሉ። እዚህ ላይ ወንድሜ ጁምዓ ሊሰግዱ ነው ወይ ሲላቸው፣ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ጋሼ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ የምታጣራ ሴትዮ መጣች። አስተርጓሚ ቡክ ያደረገ የለም፤ አዋቂዎቹ ሺፍት ላይ ስለነበሩ እንድተረጉም እኔን አስቀመጡኝ። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው። የአንድ ሽማግሌ ኑሮ በሕፃን ምላስ ላይ ይንጠለጠላል?

ሴትዮዋ ቀድሞ የት እንደኖሩ ጠየቀች። ጋሼ ደስ ብሏቸው ስለ ድልድዩም፣ ስለ አህዮቹ ዕረፍትም አወሩላት፤ ተረጎምኩ። ብዕሯን አቆመችና ይህ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ እሳቸውን ሳይሆን እኔን። ተረት ነው አልኳት። «ተረት ተረት» ተብሎ የተጀመረ ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አእምሯቸው ይምታታል ብላ ጻፈች። በወሩ ከከተማው ዳር ሜልተን ወዳለ መጦሪያ ወሰዷቸው፤ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው ወደሌለበት። ከጎረቤትም «ለምን?» ያለ አልነበረም፤ ለእሳቸው ይሻላል ተባባሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ ብላክፑልን ፈለግሁ። ድልድዩም፣ ባለጎማው ጎጆም፣ የአህዮቹ የዓርብ ዕረፍትም፣ ሁሉም አለ። በዚያው ቀን ሜልተን ሄጄ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው፤ እያለቀስኩ እውነት መሆኑን አላወቅሁም ነበር አልኳቸው። ስልኩን ብዙም አላዩትም።

«ልጄ፣ እውነት ነው በይልኝ መቼ አልኩሽ? ያልኩትን ብቻ በይልኝ ነው ያልኩሽ።»

ዛሬ እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው። ከእነዚያ ምሽቶች ብዙው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ ንዴቱ ግን፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ ላይ ያለው፣ አልበረደም። ሐኪም ወይም ጸሐፊ ከማስተረጉምለት ሽማግሌ ዓይኑን አንስቶ ወደ እኔ ዞሮ «እውነታቸውን ነው?» ሲለኝ፣ ጥያቄውን እንዳለ ለሽማግሌው እተረጉመዋለሁ።