ለመንበር የደረቀው ዋንዛ

አናጢው ይርጋ ሳንቃ ሲገዛ በጣቱ አንጓ ቆርቆር አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። ድምፁ ከታፈነ ውሃ አለበት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል። ደብረ ታቦር ውስጥ እርጥብ እንጨት ሊያታልለው ሞክሮ ገበያ መሐል ያልተዋረደ ነጋዴ የለም። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ እያወቀ፣ በእርጥብ እንጨት የሠራው።

ጊዜው የጣሊያን ነው፣ የሠላሳው ዓመተ ምሕረት ክረምት። ታናሽ ወንድሙ በላይነህ ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ተብሎ በጣሊያኖቹ ምሽግ ውስጥ ታስሯል። ይርጋ ደጅ ሲጠና ሰንብቶ በሐምሌ መጨረሻ የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን አስጠራውና በአስተርጓሚ ነገረው።

«ለጳጉሜን ከጎንደር ትልቅ ሹም ይመጣል። አሥራ ሁለት ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ ሥራ። እንግዳዬን ካስደሰተው የወንድምህን መፈቻ ወረቀት እዚያው አስፈርምልሃለሁ።»

ይርጋ ደረቅ እንጨት ነበረው። ማድቤቱ ቆጥ ላይ ሰባት ዓመት ጭስ የጠገበ የዋንዛ ሳንቃ። ግን ልጁ ከፈንጣጣ የዳነች ጊዜ ለደብራቸው መንበረ ታቦት ሊሠራበት የተሳለው ነው።

«አውርደው» አለችው ሚስቱ ብዙነሽ። «ታቦቱ ሌላ ሰባት ዓመት ይጠብቅሃል። በላይነህ ግን መቼ ይጠብቅና!»

«ታቦት በሚያርፍበት እንጨት ላይ ጣሊያን ክርኑን ያሳርፍበት? አላደርገውም!»

«እሺ፣ የነፍስ አባትህን ጠይቃቸው።»

አልጠየቀም። የነፍስ አባቱ ቄስ ታደሰ ቢፈቅዱለት ማመካኛ ያጣ ነበርና። ለኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ እምነት፣ ግማሹ እልህ ነው።

ወንዝ ዳር የቆመ ዋንዛ አስቆረጠ። ሲሰነጥቁት መጋዙ በውሃ ራሰ። ይርጋ ያሰበው ቀላል ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ እርጥብ አየሩ ራሱ እንጨቱን እንዳይኮማተር ያቆይለታል፣ ግብዣው ያልፋል፣ ወንድሙ ይፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። ከነጋዴው ከከማል የቆላ ሙጫ ገዝቶ ከሰም ጋር አቀለጠና፣ ሰጋቱራ ለውሶበት መጋጠሚያውን ሁሉ ሞላ። ምሽጉ አድርሶ ሲወለውለው ካፒቴኑ ጢሙን አየበት። እንግዳው እስኪመጣ እንዳይቧጨር ብሎም ሸራ አለበሰው።

ጳጉሜን መጣ፣ ሹሙ አልመጣም። አርበኞች ከይፋግ በላይ መንገዱን ዘግተውታል። አገሩ በሙሉ በልቡ እልል ሲል ይርጋ ብቻ ዝናቡ እንዳያባራ ይለምን ጀመር። መስከረም አለፈ። ጥቅምት ደረቅ ነፋሱን አመጣ፣ ካፒቴኑም ብርዱን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ያስነድድ ጀመር። ይርጋ «ጠረጴዛውን ቅባት ልቀባው» እያለ ሦስት ጊዜ ምሽጉ በር ድረስ ሄደ፤ ሦስት ጊዜም ዘበኛው በሰደፍ መለሰው።

ሹሙ በኅዳር አንድ ቀን ለምሳ ደረሰ። ይርጋ ወንድሙን የሚያለብሰው የታጠበ ጋቢ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ውስጥ የሆነውን ኋላ ከአስተርጓሚው ሰማ። ሸራው በእንግዳው ፊት ሲገለጥ ሙጫው ተፈርፍሯል፣ በሳንቃዎቹ መሐል ጣት ይገባል፣ መሐሉ ጎብጦ ብርጭቆ አያስቆምም። እንግዳው ከት ብሎ ሳቀ። ካፒቴኑ ግን አልሳቀም። «አናጢው ሊያዋርደኝ ሆን ብሎ ነው የሠራው» አለ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እስረኞች የጫነ መኪና ከበሩ ወጣ። በላይነህ ከላይ ሆኖ ወንድሙንና ጋቢውን ሲያይ ሊፈታ መስሎት ሳቀለት። በላይነህን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ይርጋ አርባ ጅራፍ ተገረፈ፣ ግርፋቱን ግን ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

ጣሊያን ሲወጣ በዚያው በቆጡ ሳንቃ መንበሩን ሠራ። ያስረከበ ዕለት ለቄስ ታደሰ ሁሉን ተናዘዘ።

«ልጄ፣ ብትጠይቀኝ እኮ እፈቅድልህ ነበር» አሉት።

በየዓመቱ የደብሩ ታቦት ሲነግሥ ካህናቱ ከመቅደስ ወጥተው ያመሰግኑታል፤ «አያ ይርጋ፣ የመንበሩ መጋጠሚያ ዛሬም ፀጉር አያስገባም!»

እሱም ሁሌ ያንኑ ይመልሳል፣ መሬት መሬት እያየ።

«እንጨቱማ ደረቅ ነበር።»