የአክሰል ካሜራና የቶርኪል ፍርሃት

ቶርኪል ከእናቱ ማህፀን ሲወጣ ዞር ብሎ በሩ መዘጋቱን ሳያረጋግጥ የቀረ አይመስለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጨም። አውቶቡሱን የሚነዳው ፍርሃቱ ነው እንላለን እኛ ጎረቤቶቹ። የእኔ አጥር ከእሱ አጥር ጋር ስለሚገናኝ፣ ጆሮዬም ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ፣ የሚፈራውን ሁሉ አንድ በአንድ አውቃለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የአባቱ ካሜራ ነው።

አባቱ አክሰል የመንደራችን ፎቶ አንሺ ነበር። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ጎረቤታችን ሆልገር ጉድሩንን ሲያገባ ያነሳቸው እሱ ነው። ፍላሹ ቦግ ሲል ሠርገኛው ሁሉ አይቷል፤ የሙሽራው አጎት ዓይኑን ሸፍኖ ተሳድቧል። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ባዶ ሆነ። አክሰል ለመናገር ፈርቶ "ለሳምንት ይደርሳል" እያለ ስድስት ሳምንት አመላለሳቸው። ነገሩ ሲወጣ መንደሩ "ሰክሮ የሌንሱን ክዳን ሳያነሳ ነው" ብሎ ፈረደበት። አክሰልም እስኪሞት ድረስ ካሜራውን ከመሳቢያ አላወጣውም።

በጥቅምት መጨረሻ ጉድሩን አጥሩ ላይ ተደግፋ ቶርኪልን ጠራችው።

"የሃምሳ ዓመት የወርቅ ሠርጋችንን አንተ ታነሳለህ። በአባትህ ካሜራ።"

"ስልክ ያለው ሰው ሞልቷል እኮ።"

"ስልክ ለድመቴ ይበቃል። እኔ የምፈልገው ያን ያላገኘሁትን ፎቶ ነው።"

"ባይወጣስ?"

"ሌላ ሃምሳ ዓመት እጠብቃለኋ። ሆልገር እንደሆነ ጉልበቱ ተይዟል፣ የትም አይሄድም።"

እሷ እየሳቀች ሄደች። እሱ አጥሩን እንደያዘ ቀረ።

በኅዳር ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ እኛ አገር ጨለማ ነው። የወርቅ ሠርግ ልማዳችን ደግሞ በማለዳ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በጥድ ቅርንጫፍ ባስጌጠው የባለ ሠርጎቹ በር ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ባልና ሚስት በሩን ከፍተው ይወጣሉ፤ በቃ። ስለዚህ ፍላሽ የግድ ነው፣ ያውም ከጥዱ ሥር ከጎን የሚያበራ። እስከዚያ ገመድ ቢዘረጋ ግን ስልሳ ሰውና አንድ ጥሩምባ ነፊ ይጠልፋል። ቶርኪል የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት የሬዲዮ ማስነሻዎች ገዛ። አንደኛው ካሜራው ላይ ተቀምጦ በአጭር ሽቦ ከካሜራው ጎን ይሰካል። ሁለተኛው ራቅ ብሎ ፍላሹ ሥር ይሆናል። ካሜራው ቀጭ ሲል ፍላሹ ያለ ገመድ ይበራል።

ለሙከራው ወደ ወጥ ቤቱ ጠራኝ። ፊልም ሳያስገባ የካሜራውን ጀርባ ከፈተ፣ ዓይኑን በስተኋላ አስጠግቶ ነጩን ግድግዳ እያየ ቁልፉን ተጫነ። ብርሃኑ በሰዓቱ ከደረሰ በሌንሱ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ክብ መታየት አለበት። ወጥ ቤቱ በብርሃን ተሞላ፤ ቶርኪል ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

"ጨለማ ነው" አለኝ።

እኔም አየሁ። ጨለማ ነው።

ካሜራውን ቢያገላብጠው ከሌንሱ ጎን አንዲት ማንሻ አለች፤ ወደ ኤም ወይም ወደ ኤክስ ትዞራለች። ያለችው ኤም ላይ ነበር። ኤም አንዴ ተቃጥሎ ለሚጣለው የድሮ የፍላሽ አምፖል ነው። አምፖሉ ለመድመቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ካሜራው ቀድሞ ይለኩሰዋል። የኤሌክትሪኩ ፍላሽ ግን ወዲያው በርቶ ስለሚጠፋ፣ ቀዳዳው ሲከፈት ብርሃኑ አልፏል። ማንሻዋን ወደ ኤክስ አዞረና ደገመ። ነጭ ክብ፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ።

"አባትህ የኤሌክትሪክ ፍላሽ የገዛው መቼ ነበር?" አልኩት።

"ለዚያ ሠርግ ብሎ ነው።" ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "አልሰከረም ነበር ማለት ነው።"

የስካሩን ወሬ ቅመም እየጨመርኩ ሃያ ጊዜ ያወራሁት እኔ፣ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ መልቀም ጀመርኩ።

ቀለል የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ባሰበት። ድሮ የሚፈራውን አያውቀውም ነበር፤ አሁን ፍርሃቱ አድራሻ አገኘ። ማንሻዋ አርጅታ ላልታለች። ፕላስተር ለጠፈባት። የማስነሻዎቹን ባትሪ አራት ጊዜ ቀየረ።

የሠርጉ ማለዳ ውርጭ ነበር። ዘፈኑ አለቀ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጉድሩን በሰማያዊ ካፖርቷ፣ ሆልገር በከዘራው ደረጃው ላይ ብቅ አሉ። ቀጭ፣ ቦግ። ሰው አጨበጨበ። የትኩስ ዳቦው ሽታ ከውስጥ መጣ፤ የሰው እግር ሁሉ ወደ በሩ ማለት ጀመረ።

ቶርኪል ወደ ካሜራው አየ። ፕላስተሩ በብርዱ ለቆ ተንጠልጥሏል። የማስነሻው ሽቦ ማንሻዋን ገፍቷታል። ኤም ላይ ናት። ፎቶውን ከማንሳቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ማን ያውቃል? ፊልም እንደሆነ ታጥቦ ካልሆነ አይናገርም።

ጠጋ አልኩት። "ወጥቶ ይሆናል። ዝም በል።"

"አባቴም እንዲህ ብሎ ይሆናል" አለኝ።

ከዚያም ስልሳ ሰው ፊት፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ፣ "ጉድሩን፣ ፎቶው ያልወጣ ይመስለኛል። ገብታችሁ እንደገና ውጡ" አለ።

ጥሩምባ ነፊው "ቁርጥ አባቱን" ሲል አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

"እኔ ከዚህ ደረጃ ጋር የተስማማሁት ለአንድ ጊዜ ነው" አለ ሆልገር።

ጉድሩን ቶርኪልን ትክ ብላ አየችው። "አባትህ እዚያው በሩ ላይ ቢነግረኝ ኖሮ እመለስ ነበር" አለች። "ና ሆልገር፣ ግባ።"

በሩ ተዘጋ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ስንኝ አነሳን። ቶርኪል ማንሻዋን ኤክስ ላይ በጥፍሩ ተጭኖ ጠበቀ። በሩ ተከፈተ። ቀጭ፣ ቦግ።

ዳቦው ሲቆረስ ስለ ማንሻዋ ለሁሉም አወራሁ። እንደ ስካሩ አያስቅም፤ ቢሆንም አወራሁ።

ከሰዓት በኋላ ቶርኪል ጠርቶኝ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፊልሙን አጥቦ ሰቀለው። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ፎጣዎቹ ዞረ።

"አንተ እየው።"

የመጀመሪያው እንደ ተወለወለ መስኮት ባዶ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ ፊልም ነጭና ጥቁሩን ይገለብጣልና፣ የጉድሩን ሽበት ጠቁሮ፣ ጥዱ ነጥቶ፣ ሆልገር ደረጃውን እየተራገመ፣ እሷ አፏን ከፍታ እየሳቀች። "ባዶ ነው" የምትለዋ ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ትከሻው ወደ ጆሮው ሲወጣ አየሁና ዋጥኳት።

"ሁለተኛው ወጥቷል" አልኩት። "ባልም ሚስትም አሉ። ሆልገር እየተነጫነጨ ነው።"

አልዞረም።

"ድገምልኝ" አለኝ።

ደገምኩለት።