የጥማዱ ሁለተኛ በሬ

ባሌ ካረፈ ወዲህ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቻችንን ስማዳ ያለው ወንድሙ ይዟቸው ነበር። ለዘንድሮ እርሻ እመልስልሻለሁ ብሎኛል። ያለ እነሱ መሬቴ ጦም ያድራል።

ሰሞኑን መጥቶ፣ "እስቲ ከዚህ ቤት ውጪ፣ ሐዘኑ ይበቃሻል" አለና በቴሌቪዥን የምናውቀው ሼፍ ንፋስ መውጫ ወደከፈተው ሥጋ ቤት ወሰደኝ። ጥብሱ እንደቀረበ ሼፉ ራሱ መጥቶ እጅ ነሳኝ።

"ጣመዎት፣ እናቴ?"

"እግዜር ይስጥልኝ። የደለበ ነው።"

"የስማዳ በሬ ነዋ። ጥማዱን ነው የገዛነው። ቀዩን ዛሬ አረድን፤ ቦቃው ለነገ ነው።"

የእኛም አንዱ ቀይ፣ ሁለተኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ ነበር። የጎረስኩትን ሳልውጥ ወደ ባሌ ወንድም ዞርኩ። ከሳህኑ ቀና አላለም።

"በሬዎቼ የት ናቸው?" አልሁት።

"መጀመሪያ ብይ" አለኝ።