በሽሮ የተመረቀው ቄራ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ረቡዕ ነበር። ጾም ስለሆነ የሚታረድ የለም። ቄራውም ገና ተሠርቶ አላለቀም። የሥጋ ምርመራ ባለሙያ ተብዬ የተቀጠርኩት ሥጋ በማይበላበት ቀን፣ ቄራ በሌለው ከተማ ነው። ኃላፊዬ አቶ ጌትነት ግን ፎርም አውጥተው ሰጡኝና "የዛሬውን ሙይ" አሉኝ።

ምኑን ልሙላ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የታረደ ዜሮ፣ የተመረመረ ዜሮ፣ የተወገደ ዜሮ። ዜሮም እኮ መረጃ ነው።"

ሞላሁ። በወሩ መጨረሻ "በበጀት ወሩ ለኅብረተሰቡ የታመመ ሥጋ እንዳይቀርብ ተደርጓል" የሚል ሪፖርት ወደ ዞን ሄደ። ውሸት አልነበረበትም። ጤነኛም አልቀረበም እንጂ።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ተመድቦ የሠራ ሰው የትኛዋ እንደሆነች ይገምታል፤ ቢሳሳትም ችግር የለውም፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ቄራ ለሚደርሳችሁ ነው። እኔ በሥራው ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ለትዝታ አልደረስሽም የሚለኝ ካለ፣ መጥቶ አንድ ሳምንት ይሥራና እንነጋገራለን።

ከመሥሪያ ቤቱ የተረከብኩት ሁለት ነጭ ጋውን፣ አንድ ቢላና አንድ ቦት ጫማ ነው። ጫማው አርባ ሦስት ቁጥር ነው፤ እኔ የማደርገው ሠላሳ ሰባት። ቢላው ሽንኩርት ይቆርጣል፣ ለምርመራ የሚሰነጠቀውን እጢ ግን አይቆርጥም። የሥጋ ማኅተሙን አልተረከብኩም። ማኅተም የኃላፊ ነው ተባልኩ፤ በአቶ ጌትነት መሳቢያ ተቆልፎበት ይቀመጣል።

ለሙከራ እርድ ስንጀምር በየማለዳው "ማኅተም እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ" የሚል ማመልከቻ እጽፍ ነበር። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ አቶ ጌትነት "ይፈጸም" ብለው ይመሩበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በሬው ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን የሥጋ ቀለም አልቆ የደብዳቤውን ቀለም ሰጡኝ። ይሄ የወረቀት ነው፣ ለሚበላ ነገር አይሆንም አልኳቸው።

"ሥጋም ሰነድ ነው" አሉኝ። አልመታሁበትም። ያን ቀን ሥጋው ያለ ማኅተም ወጣ፣ ጥፋቱም በእኔ ስም ተመዘገበ።

ከክልል የመጣው ቼክሊስት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሚፈስ ውሃ አለ ወይ? ቢላ የሚቀቀልበት ሙቅ ውሃ አለ ወይ? የታመመ ሥጋ የሚቀበርበት ጉድጓድ አለ ወይ? እኔ ሁሉም ላይ "የለም" ብዬ ሞላሁ። አቶ ጌትነት ቀይ እስክሪብቶ አነሡና "የለም"ን እየሰረዙ "በዕቅድ ተይዟል" ብለው ጻፉበት። ታንከሩ ተሰቅሏል፣ ቧንቧው ግን አልተቀጠለም። ውሃ የምናገኘው በአህያ ከሚመጣ ቢጫ ጄሪካን ነው። እሱ ቼክሊስቱ ላይ ቦታ የለውም።

ሥራውን በእውነት ያስተማሩኝ አያ ደሴ ናቸው። በየሰው ግቢ ሲያርዱ የኖሩ፣ አሁን የቄራው ዋና አራጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ ሲያዩኝ ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ አምስት ዓመት ተምረሽ በሬን ከሞተ በኋላ ነው የምታክሚው?" አሉኝ። ቢላዬን ነጥቀው አዩት፣ ድንጋይ ላይ ሳሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው እሳቸው ይስሉልኛል፣ እኔ እያንዳንዱን እጢ ስከፍት ምን እንደማይ እነግራቸዋለሁ። በወር ውስጥ ከእኔ ቀድመው "ይሄን እዪልኝ" ማለት ጀመሩ።

ከዚያ የምረቃው ደብዳቤ መጣ። ዞን ቄራውን ሊመርቅ ነው። ቀኑ ረቡዕ ይላል። አያ ደሴ ደብዳቤው ሲነበብ ሰምተው፣ ረቡዕ የሚመረቀው ቄራ ነው ወይስ ጎመን ቤት ብለው ጠየቁ። ወደ ሐሙስ ተዛወረ።

የእኔ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። የምዘና ፎርሜ አቶ ጌትነት ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ጥሩ ከሞሉልኝ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልሞሉልኝ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። በዚያ ሳምንት "እሺ" ማለት አበዛሁ።

ለእንግዶቹ የሚታረደውን ሰንጋ አቶ ጌትነት ራሳቸው አርብ ገበያ ወርደው መረጡ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በሬ በዓይኔ አይስተኝም ይላሉ። እውነትም ያምራል፤ ሻኛው ትራስ ያክላል። ለበሩ ከተገዛው ሪባን የተረፈው ቀንዱ ላይ ታሰረለት።

ሐሙስ ጠዋት በረቱ አጠገብ ሳልፍ በሬው አሳለ። ቆም አልኩ። ደግሞ አሳለ፣ ደረቅ ሳል። ወግ ያለው የቁም ምርመራ ቢሆን ማስኬድ፣ ሙቀት መለካት፣ አንገቱ ሥር መዳሰስ ነበረብኝ። አቶ ጌትነት ከኋላዬ መጡና "የጋይንት ብርድ ነው፤ እኔስ መች አላሳልኩም?" አሉ። እንግዶቹ ከደብረ ታቦር ተነሥተዋል፣ ፎርሙ ይፈረም አሉኝ። "ለእርድ ብቁ" የሚለው ላይ ፈረምኩ። ያ ፊርማ የእኔ ነው፣ በማንም አላሳብብም።

አያ ደሴ በስመ አብ ብለው አረዱ። ሲገፈፍ ደህና ነው። ደረቱ ሲከፈት ግን ቢላቸውን አቆሙ። "ነይ" አሉኝ።

የጎድኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ዶቃ የተረጨበት ይመስላል። ሳንባው በሁለቱም ጎን እባጭ ቋጥሯል። እጢውን ስሰነጥቀው እንደ አይብ የረጋ ቢጫ ነገር ወጣ፣ ቢላዬም አሸዋ የነካ ያህል ቀጭ ቀጭ አለ። ጉበቱን ከፈትኩ፣ አለበት። የታፋውን እጢ ከፈትኩ፣ እዚያም አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ያውም መላ አካላቱን ያዳረሰ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ አንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል።

አቶ ጌትነትን አስጠራሁና ነገርኳቸው። ከውጭ ድንኳን ተጥሏል፣ እንግዶቹ ደርሰዋል፣ አዋዜው ቀርቧል።

"ሳንባውን ጣይና ሌላውን ማኅተም አድርጊበት። ሳንባ ማን ይበላል?" አሉኝ።

በሽታው ሳንባ ላይ እንዳልቆመ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ጥሬውን ነው የሚበሉት አልኳቸው። እሳቸው የሚያዩት ሻኛውን ነው። ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማመልከቻ ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቅዳሜን አትርሺ" አሉኝ። አልረሳሁትም ነበር። 

"በሽታውን ከምረቃው በኋላ ማግኘት አትችይም ነበር?" ደግሞ አሉኝ። ከልባቸው ነው።

ጭቅጭቃችን ሲሰማ ሰው መጣ። ከመጡት መካከል ቄራውን ሊባርኩ የተጠሩት መሪጌታ አሉ፤ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ አገር የሚያከብራቸው አዛውንት። እኔም እንግሊዝኛ እየቀላቀልኩ "ጀነራላይዝድ ነው፣ ቶታል ኮንደምኔሽን ነው" እላለሁ። መሪጌታው ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጡና በእርጋታ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ከብቱ ነውር አለበት?"

እኔ የማውቀው ነውር ቄስ ፊት እግር አነባብሮ መቀመጥን ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ነቀርሳ እንደማንኛውም በሽታ ነው፣ ሰው እንዲያፍርበት አታድርጉ ብለው ነው ያስተማሩን። እሱ ትዝ አለኝ።

"ኧረ አባ፣ ምንም ነውር የለበትም። በሽታ ነው እንጂ" አልኳቸው።

"ነውር የለበትም" የሚለውን ግቢው በሙሉ ሰማ። "በሽታ ነው እንጂ" የሚለው የትም አልደረሰ። መሪጌታው እፎይ ብለው መስቀላቸውን አወጡ። አቶ ጌትነት "ይኸው፣ ራሷ ተናገረች" ብለው ወደ ድንኳኑ ምልክት ሰጡ። ሁለት ሰዎች ትሪ ይዘው መጡ። አንዱ ጭቅናው ከየት በኩል እንደሚጀምር ይጠይቃል።

እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቆሜ አያለሁ። አያ ደሴ ቢላቸውን ጎናቸው ሸሽገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የኔ እመቤት፣ የሚጠይቁሽ የኦሪቱን ነው። ለመሥዋዕት ሲመረጥ ነውር የሌለበት ይላል አይደል፣ እንከን ማለት ነው። የሰፈሩን ነውር መሰለሽ?"

ሮጬ መሪጌታው ፊት ቆምኩ። ጋውኔ ደም ነው፣ ጫማው ከእግሬ ሊወልቅ ይላል።

"አባ ይቅር ይበሉኝ፣ ቃሉን ስቼው ነው። ነውር አለበት። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጎድኑ፣ ታፋው ሳይቀር ነውር ነው።"

አሳዪኝ አሉ። የቀረ እጢ ነበር፣ ፊታቸው ሰነጠቅኩት። ቀጭ ቀጭ ሲል ሰሙት። መስቀላቸውን መልሰው ወደ ካባቸው ከተቱ።

"ነውር ያለበትን እግዜር ከመሠዊያው ከልክሎታል። እኔ ባርኬ ለእንግዳ ላብላው?"

አለቀ። እኔ አምስት ዓመት ተምሬ፣ ደንብና መመሪያ ቁጥር ጠርቼ ያላቆምኩትን ቢላ እሳቸው በአንድ ቃል አቆሙት። ትሪ የያዙት ሰዎች ትሪውን እንደያዙ ተመለሱ። አቶ ጌትነት ባለሙያን መጫን ይችላሉ፣ መሪጌታ ያልባረኩትን ማዕድ ግን በዚህ አገር ማንም አያቀርብም። ደስ ብሎኛል፣ ተናድጃለሁም። እስካሁን የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

የሚቀጥለው ችግር መቅበሪያ ነው። ጉድጓዱ በዕቅድ ተይዟል። ስለዚህ በምረቃው ዕለት፣ ክራባት ያሰሩ እንግዶች እያዩን ተቆፈረ። በሬው ወረደ፣ ናፍጣ ተርከፈከፈበት፣ ኖራ ተነሰነሰ፣ አፈር ተመለሰ። የልዑኩ መሪ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው ጥቂት አሰቡና አካፋ ተቀብለው ፎቶ ተነሡ።

ምሳ ከጎረቤት ሻይ ቤት መጣ። ሽሮ። በፍስክ ቀን፣ ቄራ ምረቃ ላይ፣ ጥሬ ሥጋ ብለው ከዞን ድረስ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው የመጡ ሰዎች በሽሮ መረቁን። አንዱ እንግዳ ለአያ ደሴ፣ ቄራችሁ የጾም ነው እንዴ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ጌታው፣ ገና ሙከራ ላይ ነን ብለው መለሱለት።

ማታውን ዜናው በቴሌግራም ወጣ። "ዘመናዊ ቄራ ተመረቀ። እንግዶቹ የምግብ ደኅንነት ሥርዓቱን በተግባር ተመልክተዋል" ይላል። ከሥሩ ያለው ፎቶ አካፋው ነው። አቶ ጌትነት በሚቀጥለው ስብሰባ የተግባር ማሳያው የታቀደ እንደነበር ተናገሩ። አጨበጨብንላቸው።

ቅዳሜ ፎርሜ ተሞላ። የሙያ ብቃት፣ ጥሩ። ደንብ ማክበር፣ ጥሩ። ከኃላፊ ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ ዝቅተኛ። አስተያየት የሚለው ላይ "በምረቃ ዕለት እንግዶች ሽሮ እንዲበሉ ምክንያት ሆናለች" ተብሏል። ሙከራዬ በሦስት ወር ተራዘመ። ፎርሙን ይዤ ገባሁና፣ "ለእርድ ብቁ" ብዬ የፈረምኩትስ ለምን አልተጻፈብኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። አቶ ጌትነት ግራ ገባቸው።

"እሱማ ታዝዘሽ ነው" አሉኝ።

የተቆጣሁት ያኔ ነው። ስለ ሽሮው ሊቀጡኝ ይችላሉ። የተሳሳትኩበት ላይ ግን ሊያመሰግኑኝ ምንም አልቀራቸውም። አያ ደሴ እጃቸውን እስከ ክርን የነከሩት በዚያ በሬ ውስጥ ነው። ጤና ጣቢያ ወስጄ እስካስመረመርኳቸውና ነፃ ናቸው እስኪባል እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳቸው መንገዱን ሁሉ ሲያሾፉብኝ ሄዱ፣ "ተራዬ ደረሰ፣ የቁም ምርመራ!" እያሉ።

ሦስት ወሩ አለፈ፣ ቋሚ ሆንኩ። አሁን ከብት ሲመጣ ከበረቱ አስወጥቼ የቄራውን ጀርባ ዳገት ሁለት ዙር አስኬደዋለሁ፤ ሙቀቱን እለካለሁ፣ አንገቱን እዳስሳለሁ። ባለ ከብቶቹ ይስቃሉ፣ ዶክተሯ በሬ ስፖርት ታሠራለች ይላሉ። ተመለስ ያልኩት ሰው ይሰድበኛል፣ በሬውን ነድቶ ግን ይሄዳል። በሬን በቁሙ ለመመለስ ድንኳን አይጣልም፣ መሪጌታም አይጠሩም።

ከብቱን ቆሞ ሳለ መርምሩት። ካልመረመራችሁት አትፈርሙ።