አጎቴ የማይፈልጉት ቅርፊት

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ወደ ሮቤ ገበያ በወጡ ቁጥር የማይፈልጉትን የቆዳ ማልፊያ የዛፍ ቅርፊት በሸክም ይገዙ ነበር። የባሌ ዝናብ የማያበሰብሰውን ኮርቻ የሚሠሩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ የጎባ ኮርቻ ሠሪዎች እሳቸው የገዙትን አይተው ያንኑ ይገዛሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን የሠሪዎቹ ቆዳ ይሸታል። ትክክለኛውን ቅርፊት አጎቴ ብቻቸውን ከጫካ ልጠው ያመጡታል። ሻጯ ጫልቱ፣ «ኦቦ፣ ይሄን ሁሉ ምን ያደርጉታል?» ስትላቸው፣ «ለጎረቤት ነው» ብለው ይስቃሉ።

ስስታም ይሏቸው ነበር። ከጦሩ ጋር መጥተን እዚህ ጎባ በሰፈርን ሰሞን ግን፣ አጎቴ ትክክለኛውን ቅርፊት ለማግኘት ቆዳ ሲያበላሹ፣ ሲጥሉ፣ እንደገና ሲጀምሩ፣ እኛም ቆሎ ቆርጥመን ስናድር ስስታም ያላቸው አልነበረም። ያኔ እብድ ነበር የሚሏቸው።

ልቅሶው ላይ የገዢው ምስለኔ አጠገቤ ተቀመጠ። ሙያውን ያወረሱት እኔን ብቻ እንደሆነ ሰምቷል።

«እንግዲህ እሳቸው አልፈዋል። ምስጢሩን ለሁሉም ንገሪ፤ ለጦሩ ነው» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ኮርቻ ይግዙኝ፣ እሠራለሁ። ምስጢሩን ግን አልሰጥም። ቆዳው ሲበሰብስብን ማን አብሮን ነበር?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆር።

ልቅሶው እንዳበቃ ሮቤ ወጣሁ። አጎቴ ከጫልቱ ፊት ቆመው የሚከራከሩበት ቦታ ባዶ ነው። ኮርቻ ሠሪዎቹ ግን እጄ ወዴት እንደሚሄድ ቆመው ያያሉ። የማያስፈልገኝን ቅርፊት አንድ ሸክም አነሳሁ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለችኝ ጫልቱ፣ እንባዋ እየመጣ።

«ለጎረቤት» አልኳት።